የጂኤስኤክስ-አር 600 የፊት ፎርክ ኤስቪ 650 ላይ ለመግጠም ምን ምን መለካት አለብኝ?

ጠያቂ፦ ባለ ኤስቪ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ2001 ሱዙኪ ኤስቪ 650 አለችኝ፤ ካርቡሬተር ያላት፣ የፊት ሽፋን የሌላትና ሰፊ መሪ ያላት የመጀመሪያው ትውልድ ናት። ከገዛኋት ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቪ-ትዊን ሞተሯ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ የሚሰጠው ጉልበት የሸናንዶን ተራሮች ስወጣ እስከ ዛሬ ድረስ ደስ ያሰኘኛል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከፊት ፎርኳ ላይ ነው። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አፍንጫዋ ወደ መሬት ይደፋል። በመታጠፊያ መሀል የተሰነጠቀ አስፋልት ሲያጋጥመኝ ደግሞ ያው ለስላሳ የነበረው ፎርክ ድንገት ደርቆ ምቱን በቀጥታ ወደ እጄ ያደርሰዋል። አንድ ፎርክ በአንድ ጊዜ ልልም ደረቅም የሚሆንበት ምክንያት አልገባኝም። ከነጃኬቴና ከነሄልሜቴ 92 ኪሎ ግራም ገደማ እመዝናለሁ።

የተጋጩ ሞተር ሳይክሎችን ፈትቶ የሚሸጥ አንድ ቤት የ2005 ጂኤስኤክስ-አር 600 (የሱዙኪ ስፖርት ሞተር ሳይክል) የፊት ክፍል እንዳለው ነግሮኛል። ሻጩ ሞተር ሳይክሉ የተመታው ከኋላ ነው ይላል። ሙሉውን፣ ማለትም ፎርኩን ከነክላምፑ (ሁለቱን እግሮች ከመሪው ዘንግ ጋር ከሚይዘው ክፍል)፣ ከነጎማው፣ ከነፍሬን ዲስኩና ዲስኩን ከሚጨብጠው ካሊፐር ጋር መግዛት እችላለሁ፤ ወይም ሁለቱን የፎርክ እግሮች ብቻ በግማሽ ያህል ዋጋ ይሰጠኛል። እኔ ያዘነበልኩት ወደ ሁለተኛው ነው፤ የራሴን ክላምፕና የራሴን ጎማ ይዤ እግሮቹን ብቻ ብቀይር ሥራው የሚቀልልኝ መስሎኛል።

ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ በእጁ የሠራ ካለ የሚከተሉትን እንዲያብራራልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመሪው ዘንግ በእኔ ሻሲ አንገት ውስጥ ይገባል ወይ? አነዳዷ ምን ያህል ይለወጣል? ሰፊውን መሪዬን ማቆየት እፈልጋለሁ፤ ይቻላል ወይ? የፍጥነት መለኪያዬ የሚሠራው ከፊት ጎማው በሚያገኘው እንቅስቃሴ ስለሆነ ጎማውን ብቀይር ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ የተራራ መንገድ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ወንድሜ፣ ይህንኑ ሥራ በራሴ ኤስቪ ላይ ስለ ሠራሁት የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ፣ እግሮቹን ብቻ የመግዛቱን ሐሳብ ይተዉት። የእርስዎ ፎርክ 41 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መደበኛ ፎርክ ነው፤ ክላምፑም የሚጨብጠው ይህንኑ ቀጭን ቱቦ ነው። የ2005ቱ ጂኤስኤክስ-አር ፎርክ ግን የተገለበጠ ነው፤ ወፍራሙ ቱቦ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች ሆኖ የተሠራ ማለት ነው። በሰነዱ ላይ 43 ሚሊሜትር ተብሎ የሚነበበው የቀጭኑ የታችኛው ቱቦ ልክ ነው። ክላምፑ የሚጨብጠው ወፍራሙን የውጭ ቱቦ ነው፤ እርሱም ከላይኛው ክላምፕ ጋር በሚገናኝበትና ከታችኛው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እኩል ውፍረት የለውም። ስለዚህ የእርስዎ ክላምፕ በምንም መንገድ አይዘውም። ጎማውም እንዲሁ ነው። ፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ)፣ የዲስኩ ቦታና የካሊፐሩ መቀመጫ እርስ በርሳቸው ተሰልተው የተሠሩ ናቸው። የኤስቪ ዲስክ ስፋቱ 290 ሚሊሜትር ሲሆን የዚያኛው 300 ነው፤ ካሊፐሩ ፎርኩ ላይ የተቀመጠው ለ300ው ስለሆነ በትንሹ ዲስክ ላይ ሸራው ከጠርዙ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ከአንድ ሞተር ሳይክል የወጣ ሙሉ የፊት ክፍል ይግዙ፤ ግማሽ ዋጋ ከፍለው የጎደለውን አንድ በአንድ ሲያሟሉ ከሙሉው ዋጋ በላይ ያወጣሉ።

የመሪው ዘንግ እኔ ዘንድ በኤስቪው ኩሽኔታዎች ውስጥ ገብቷል። ሆኖም የእኔን ቃል ይዘው ገንዘብ አይክፈሉ። ካሊፐር ይዘው ይሂዱና (ፍሬኑን ሳይሆን መለኪያውን ማለቴ ነው) የዘንጉን ውፍረት ታችኛው ኩሽኔታ በሚቀመጥበትና ላይኛው በሚቀመጥበት ቦታ ለየብቻ ይለኩ፤ ቀጥሎም በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ያለውን ርዝመት ይያዙ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከእርስዎ ዘንግ ጋር ከተስማሙ ትልቁ ሥራ አልቋል።

አሁን ወደ አነዳዱ ልምጣ፤ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የጂኤስኤክስ-አር ፎርክ የገጠመ ሰው የጂኤስኤክስ-አርን የመሪ ማዕዘን ያገኘ ይመስለዋል። ማዕዘኑ ግን የሻሲው ነው፤ የእርስዎ አንገት ከቁም መስመር 25 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ሲሆን ፎርክ መቀየር ይህን ብረት አያጣምመውም። የሚለወጠው ሦስት ነገር ነው፦ የፎርኩ ርዝመት፣ የጎማው ቁመትና የክላምፑ ኦፍሴት፣ ማለትም ፎርኮቹ ከመሪው ዘንግ ፊት ምን ያህል ርቀው እንደሚቆሙ። ሦስቱም ተደምረው ትሬይል የምንለውን ርቀት ይወስናሉ። ትሬይል የመሪው ዘንግ መስመር ወደ ታች ቢቀጥል መሬት ከሚነካበት ነጥብ አንስቶ ጎማው መሬት እስከሚነካበት ነጥብ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ፋብሪካው ለእርስዎ ሞተር ሳይክል 100 ሚሊሜትር ሰጥቶታል። ይህ ርቀት ሲያጥር መሪው ይቀላል፣ ከመጠን ሲያልፍ ግን በፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሲረዝም ደግሞ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይጸናል እንጂ ለመታጠፍ ይከብዳል።

በቁጥር ላሳይዎ። የጂኤስኤክስ-አር ፎርክ ከኤስቪው ያጥራል። በሁለቱ ጎማዎች ፔርኖ መካከል ያለው ርቀት 1,430 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ሞተር ሳይክል ላይ የፊቱ ክፍል በ25 ሚሊሜትር ዝቅ ካለ ማዕዘኑ አንድ ዲግሪ ያህል ይቆማል፤ በአንድ ዲግሪ ደግሞ ትሬይሉ ወደ 6 ሚሊሜትር ይቀንሳል። በሌላ በኩል የእርስዎ የፊት ጎማ 120/60 ሲሆን የጂኤስኤክስ-አር 120/70 ነው። የመጀመሪያው የጎማ ግድግዳ 72፣ የሁለተኛው 84 ሚሊሜትር ስለሆነ የፊቱ ክፍል በ12 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ የጎማው መርዘም ብቻውንም ትሬይሉን በ5 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ፎርኩ የወሰደውን ጎማው በከፊል ይመልሰዋል። የክላምፑ ኦፍሴት በ5 ሚሊሜትር ቢጨምር ትሬይሉ በ5 ሚሊሜትር ተኩል ይቀንሳል። የሚገዙትን ክላምፕ ኦፍሴት ለክተው እነዚህን ከደመሩ በኋላ ውጤቱ በ95 እና በ105 መካከል ከሆነ በሰላም ይንዱ። ከ90 በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ፎርኮቹን በክላምፑ ውስጥ እስከ ቻለው ድረስ ወደ ታች ያውርዷቸው፤ ያም ካልበቃ ሐሳቡን ይተዉት።

ሰፊው መሪ ይቻላል፤ የጂኤስኤክስ-አር የላይኛው ክላምፕ ግን የመሪ መያዣ የለውም፣ ምክንያቱም በዚያ ሞተር ሳይክል ላይ እጀታዎቹ በቀጥታ ፎርኮቹን ነው የሚጨብጡት። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ የላይኛ ክላምፕ መግዛት ወይም የያዙትን ክላምፕ ሥጋው በሚወፍርበት ቦታ አስበስተው መያዣ ማሰር አለብዎት።

የፍሬኑን ፓምፕም ከዚያው ሞተር ሳይክል ይውሰዱ። የእርስዎ ፓምፕ የተሰላው ባለ ሁለት ፒስተን ተንሸራታች ካሊፐርን እንዲገፋ ነው፤ ባለ አራት ፒስተኑን ሲገፋ የእጀታው ጉዞና በእጅ ላይ የሚሰማው ጥንካሬ ከሚፈለገው ውጭ ይሆናል። ለፍጥነት መለኪያው እኔ ሰንሰለቱን በሚያዞረው የፊተኛው ጥርስ ሽፋን ላይ ሴንሰር አስቀምጬ ችግሩን ፈትቼዋለሁ፤ ብዙ አያስቸግርም።

አንድ ነገር ሳይፈትሹ እንዳይነዱ እለምንዎታለሁ። ሞላዎቹን አውጥተው ፎርኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይጫኑትና ጎማው ራዲያተሩን መንካት አለመንካቱን ይመልከቱ። በኤስቪ ላይ የፊተኛው ሲሊንደር ወደ ፊት የተጋደመ ስለሆነ ራዲያተሩ ለጎማው ቅርብ ነው፤ ረዥሙ ጎማ ያንን ክፍተት ይበልጥ ያጠበዋል። መሪውንም ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙረው የታችኛው ክላምፕ ማቆሚያ የሻሲውን ማቆሚያ ቀድሞ እንደሚነካ ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ፎርኩ ወይም እጅዎ ከሳልባቲዮው ጋር ይጋጫል።

መልስ፦ ሞላና ዘይት (ሲያትል)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን ሳይመረመር ታልፏል ብዬ አምናለሁ። ጠያቂው የነገሩን ሁለት ሕመም ነው፦ ፍሬን ሲያዝ መደፋትና ድንገተኛ ምት ላይ መድረቅ። ሁለቱም የሚመጡት ከፎርኩ ውስጥ እንጂ ከፎርኩ ቅርጽ አይደለም።

የኤስቪ ፎርክ ዳምፐር ሮድ የሚባለው ዓይነት ነው። በውስጡ ያለው ዘይት መጠናቸው በማይለወጥ ቀዳዳዎች በኩል ይገፋል። በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ዘይት የሚፈጥረው ተቃውሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፎርኩ በእጥፍ ፍጥነት ሲገባ ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ሲይዙ ፎርኩ የሚገባው በዝግታ ስለሆነ ዘይቱ የሚቃወመው እምብዛም ነው፤ አፍንጫዋ ትደፋለች። የተሰነጠቀ አስፋልት ሲመታዎት ግን ፎርኩ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚገፋ ዘይቱ በቀዳዳው ለማለፍ ጊዜ አያገኝም፤ ፎርኩም ይቆልፋል። ልልም ደረቅም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራም ዘይት መጨመር መደፋቱን ጥቂት ሲያሻሽል መድረቁን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ መፍትሔ አይደለም።

ከሃያ ዓመት በላይ ብዙ የኤስቪ ባለቤቶች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። በዳምፐር ሮዱ አናት ላይ ኢሙሌተር የሚባል በሞላ የተያዘ ቫልቭ ይቀመጣል። በሮዱ ላይ ያሉት የታችኞቹ ቀዳዳዎች እንዳያግዱ በመሰርሰሪያ ይሰፋሉና መቆጣጠሩ ለቫልቩ ይተላለፋል። ቫልቩ በዝግታ እንቅስቃሴ ዘይቱን ይይዛል፣ ድንገተኛ ምት ሲመጣ ተከፍቶ ያሳልፋል። ከዚህ ጋር ለክብደትዎ የሚሆን ሞላ ይገዛሉ። የፋብሪካው ሞላ የተሰላው ከእርስዎ በጣም ለሚቀል ሰው ነው፤ ለ92 ኪሎ እኔ የምመርጠው በአንድ ሚሊሜትር 0.90 ወይም 0.95 ኪሎ የሚሸከመውን ነው። ገጥመው ሲጨርሱ በሞተር ሳይክሉ ላይ ተቀምጠው ፎርኩ በክብደትዎ ምን ያህል እንደሚወርድ ይለኩ፤ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ከሆነ ሞላው ተስማምቷል።

ይህ ሥራ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል፤ መሪዎ፣ ጎማዎ፣ ፍሬንዎና የፍጥነት መለኪያዎ ሁሉ በቦታቸው ይቆያሉ። የጂኤስኤክስ-አር ፎርክ በእርግጥ የተሻለ ነው፤ ካርትሪጅ (ዘይቱን በቫልቭ የሚቆጣጠር የውስጥ ክፍል) አለው፣ መግባቱም መመለሱም በካቻቪቴ ይስተካከላል። ነገር ግን ያገለገለ ፎርክ ስለሆነ ገጥመው ሲነዱት ያኔም ኦይል ሲል፣ ቦኮላና ዘይት መቀየርዎ አይቀርም፤ ሞላውም ለእርስዎ ክብደት የተመረጠ አይደለም። ሁለተኛውን ወጪ አስበው ይወስኑ።

ጠያቂ፦ ባለ ኤስቪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እግሮቹን ብቻ የመግዛቱን ሐሳብ ለመተው ተቃርቤያለሁ፤ ሆኖም አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በአቅራቢያዬ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ አለ። የእኔን ክላምፕ ቀዳዳ አስፍቶ ወፍራሙን ቱቦ እንዲይዝ ቢያደርገው፣ ወይም ጠባብ ፎርክ ባገኝ በመካከሉ ቦኮላ አስገብቶ ቢሞላው ችግር አለው?

መልስ፦ ባለ ቶርኖ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ቶርኖ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ከገጠር ለሚመጡ ሞተር ሳይክሎች የሌላ ሞዴል ፎርክ ማገጣጠም ለእኔ የየሳምንቱ ሥራ ነበር። እዚህ አገር ይህ ሥራ የሚሠራው ለማሻሻል ተብሎ ሳይሆን መለዋወጫው ስለማይገኝ ነው። ሰውዬው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የተጣመመ ፎርክ ይዞ ይመጣል፤ ሶማሌ ተራ ገብቶ የእርሱን ዓይነት ያጣና የሚመስለውን ገዝቶ እኔ ጋ ይዞት ይቀርባል።

ክላምፑን ማስፋት የሚለውን በፍጹም አይሞክሩት። የክላምፑ ጉልበት ያለው በብሎኖቹና በቱቦው መካከል ባለው ሥጋ ላይ ነው፤ እርስዎ ሊያስቀርጹት ያሰቡት ይህንኑ ሥጋ ነው። በቦኮላ ስለመሙላት ግን በራሴ እጅ የደረሰውን ልንገርዎት። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል መጣ፤ የተገኘለት ቱቦ ከክላምፑ በ1 ሚሊሜትር ይቀጥናል። ባለቤቱ ነገ ሥራ መግባት አለብኝ ብሎ ስለ ለመነኝ ከአሉሚኒየም ስስ ቦኮላ አወጣሁለትና ገጠምኩት። በልኬት ምንም እንከን አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት ከእንጦጦ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ያዘ፤ አንደኛው ቱቦ በክላምፑ ውስጥ ተንሸራቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ጎማው ተጣመመ፣ ሰውየውም ወደቀ። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ተረፈ። ብሎኖቹን ፈትቼ ሳይ ስሱ አሉሚኒየም ተጨፍልቆ እንደ ቅባት ተንሸራቷል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ክላምፕና ቱቦ መካከል ምንም ነገር አስገብቼ አላውቅም።

ቶርኖ የሚረዳዎት ሌላ ቦታ ነው። የመሪው ዘንግ ውፍረት ካልገጠመ ዘንጉን ከማስቀረጽ በፊት ኩሽኔታ ይፈልጉ፤ የውጭ ስፋቱ የእርስዎን ሻሲ አንገት፣ የውስጥ ቀዳዳው አዲሱን ዘንግ የሚገጥም ኩሽኔታ በካታሎግ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ያ ካልተገኘ የራስዎን ዘንግ ከታችኛው ክላምፕ በፕሬስ አስወጥተው አዲሱ ክላምፕ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። እዚያ ላይ ጥብቀቱ የሚቆጠረው በሚሊሜትር መቶኛዎች ስለሆነ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ዘንጉ ብረት፣ ክላምፑ አሉሚኒየም ስለሆነ ሁለቱ በብየዳ አይያዙም፤ የአሉሚኒየሙ ክላምፕም እሳት ሲነካው ጥንካሬውን ያጣል። በፔርኖው ላይ ጎማውን መሀል የሚያስይዙትን ስፔሰሮችም ያለ ሥጋት ያስቀርጹ፤ እነርሱ የሚሸከሙት መጫንን ብቻ ነው። ሲጨርሱ ከእያንዳንዱ ዲስክ እስከ እየፎርኩ ያለውን ክፍተት ለኩና ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ያረጋግጡ።

ሻጩ ከኋላ ነው የተመታው ማለቱን ሰምተው ዝም አይበሉ። አንድ ቁራጭ የመስኮት መስታወት ይያዙና ክላምፖቹ እንደታሰሩ በሁለቱ ቱቦዎች ላይ አግድም ያስተኙት። ሁለቱ ቱቦዎች ትይዩ ከሆኑ መስታወቱ በአራቱም ጥግ ረግቶ ይተኛል፤ ክላምፑ ከተጠማዘዘ አንዱ ጥግ ተነሥቶ ይወዛወዛል። ቀጥሎ ፔርኖውን በእጅዎ ያስገቡት፤ መዶሻ የሚፈልግ ከሆነ አንደኛው እግር ተጣሟል ማለት ነው።

መልስ፦ አቤል ከፍራንክፈርት

ለአሜሪካው ጠያቂ አይመለከትም፤ ይሁንና ይህን ጀርመን ሆኖ የሚያነብ ወገን እንዳይቸገር አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የሌላ ሞዴል ፎርክ ወይም ፍሬን የገጠመ ሰው ሞተር ሳይክሉን በቴዩፍ ወይም በመሰል ተቋም መርማሪ አስፈትሾ ለውጡን በተሽከርካሪው ሰነድ ላይ ማስጻፍ አለበት። ሳያስጽፍ ከነዳ የተሽከርካሪው የመንገድ ፈቃድ ሊሰረዝ ይችላል፤ አደጋ ቢደርስም ከኢንሹራንሱ ጋር ክርክር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት መርማሪውን አነጋግሩ፤ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይነግራችኋል። እርስዎም ወንድሜ፣ በቨርጂኒያ ያለውን የዓመታዊ ምርመራ ሰው ቢጠይቁ አይጎዳም።

ጠያቂ፦ ባለ ኤስቪ

ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። የመሪውን ዘንግ በሦስቱም ቦታ ለካሁ፤ የኩሽኔታ መቀመጫዎቹ ውፍረት ከእኔ ዘንግ ጋር ተስማማ፣ ርዝመቱም በስፔሰር የሚሞላ ትንሽ ልዩነት ብቻ ነበረው። እስከዚህ ድረስ ልገዛው ወስኜ ነበር። ከዚያ ይዤ የሄድኩትን መስታወት በቱቦዎቹ ላይ አስተኛሁት። በስተቀኝ በኩል የታችኛው ጥግ ተነሣ፤ በጣቴ ስጫነው የተቃራኒው ጥግ ተነሣ። ሻጩ ክላምፑን ፈትቶ እንደገና እንዲያስረው ጠየቅሁትና ፈቀደ፤ እግሮቹን አዙረን እንደገና ስናስራቸውም መስታወቱ መወዛወዙን አልተወም። ፔርኖውም በእጅ አልገባም። ሰውየው ራሱ ሲያየው ደነገጠ፤ ሞተር ሳይክሉን ከሌላ ሰው እንደ ተረከበውና የተነገረውን እንደ ነገረኝ አስረዳኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ባለ ቶርኖ፣ ያ አንድ ቁራጭ መስታወት ምን ያህል እንዳተረፈኝ በቃል መግለጽ አልችልም። ሌላ የፊት ክፍል ፍለጋ ከመጀመሬ በፊት የሲያትሉን ወንድማችንን ምክር ልሞክር ወስኜ 0.95 ሞላና ኢሙሌተር አዝዣለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሰኛል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከመቀየሬ በፊት ያለውን ለማወቅ ወንድሜ ሞተር ሳይክሉን ይዞልኝ ላይዋ ተቀምጬ ለካሁ፤ በእኔ ክብደት ፎርኩ 52 ሚሊሜትር ወረደ። አዲሱን ሞላ ከገጠምኩ በኋላ የማገኘውን ልኬት እዚሁ አሰፍራለሁ።